አክታ አምጣ የተባለው ሕፃን

የሁለት ዓመት ሕፃን አክታ አይተፋም። ይሄ ምርምር የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ ልጅ ያሳደገ፣ ታናሹን አዝሎ ያደገ፣ የጎረቤት ሕፃን ሌሊት ሲስል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ከሳንባው የመጣውን ይውጠዋል። የተዋጠው ሆድ ይገባል፣ ከሆድ ደግሞ በጊዜው ይወጣል። የቲቢ ባክቴሪያ ሰም በሚመስል ወፍራም ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ በጨጓራ አሲድ በቀላሉ አይጠፋም፤ ቢሞት እንኳ ዲኤንኤው ተርፎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሕፃን ቲቢ የት ይፈለግ ለሚል ሰው አንዱ መልስ ፖፖው ላይ ነው። ዳይፐሩ ውስጥ ነው።

በጨዋ አማርኛ ዓይነ ምድር ይባላል፣ በላቦራቶሪ አማርኛ ሰገራ፣ በቤት አማርኛ ካካ። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው፤ አፍንጫውን የሚይዝ ካለ ከአሁኑ ይያዝ። ክርክሬ ይሄ ነው፦ ሕፃናትን ሳያሰቃዩ ለቲቢ የመመርመሪያ መንገድ ተገኝቷል፣ ሲገኝም የኛ ሰዎች እጅ አለበት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ተቀብሎታል። ብዙ ሕፃናት ግን አሁንም አክታ አምጡ እየተባሉ ነው። በአፍ ባይባሉም በአሠራር ይባላሉ። ይህን «የአቅም ችግር ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ ማምለጫ ነው።

እስቲ አስቡት። በዚህ አገር ሰገራ ያልሰጠ ሰው አለ? ሆዴን አመመኝ ብላችሁ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። ትንሿን ዕቃ ይዞ ሽንት ቤት መግባት፣ በሶፍት ጠቅልሎ መውጣት፣ ወረፋ ላይ መዳፍ ውስጥ ደብቆ መቆም፣ ከዚያ «አሜባ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤት። አሜባና ጃርዲያ ኤቢሲዲ ሳንቆጥር የለመድናቸው የፈረንጅ ቃላት ናቸው። ሳምንታት ሲስል የከረመ፣ ክብደቱ አልጨምር ያለ ሕፃንም ሰገራ ይሰጣል። ሰገራው ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል፣ ትልና ጥገኛ ተውሳክ ይፈለግበታል፣ ከዚያ ይጣላል። የተጣለው ነገር ውስጥ የሕፃኑ በሽታ ሊኖር ይችል ነበር። ማንም አልጠየቀውም እንጂ። የሚጠይቀው ማሽን ምናልባት ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ተቀምጧል።

አሠራሩ ይሄን ያህል ነው። የአተር ፍሬ የምታክል ሰገራ፣ ወደ 0.8 ግራም፣ ተወስዳ ከጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ ጋር አብሮ የሚመጣው ፈሳሽ ውስጥ ትጨመራለች። ጠርሙሱ በደንብ ይናጣል። አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። እንደገና ይናጣል፣ ሌላ አሥር ደቂቃ። ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ያለው ፈሳሽ ተቀድቶ ካርትሪጁ ውስጥ፣ ካርትሪጁ ማሽኑ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ለአዋቂ አክታ የሚደረገው ነው የሚደረገው። ማሽኑ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ውጤት አለ፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑም አብሮ ይታያል። ሴንትሪፉጅ የለም፣ ተጨማሪ ኬሚካል የለም፣ አዲስ መሣሪያ የለም።

ይህን ቀላል መንገድ ኬኤንሲቪ የሚባለው የሆላንድ የቲቢ ድርጅትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች አብረው ሠርተውበት በ2021 ውጤቱን አሳትመዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ መደባለቁ ይብሳል።) ስለ ሉሲ፣ ስለ ቡና፣ ስለ አበበ ቢቂላ ማንም ሳይጠይቀን እናወራለን። አዲስ አበባ ውስጥ ስለተሠራው ስለዚህ ሥራ የሰማ ስንት ሰው ነው? ካካ ስለሆነ ይመስለኛል። የክትባት ቢሆን ኖሮ ፌስቡክ ላይ ባንዲራ ለብሶ ይዞር ነበር።

አማራጩ ምን እንደነበር ካላወቅን የሰገራው ነገር ቀልድ ይመስላል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው መንገድ ይሄ ነው፦ ሕፃኑ ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ ያድራል። ማለዳ ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ ወይም ገና ሲነቃ፣ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጉሮሮውን አልፎ እስከ ጨጓራው። ሌሊት የዋጠው አክታ ከጨጓራው በሲሪንጅ ይሳባል። ሕፃኑ ይጮኻል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንፈራገጣል፤ አንድ ሰው እጁን ሌላው ራሱን ይይዛል። ይህ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ሁለትና ሦስት ተከታታይ ማለዳ ነው፤ ለዚህም አልጋ ይዞ መተኛት ያስፈልጋል። አልጋ ማለት ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል ማለት ከገጠር ለመጣች እናት የትራንስፖርት ብር፣ ቤት የቀሩ ሌሎች ልጆች፣ ያልታረመ ማሳ ወይም ያልተከፈተ ጉልት ነው። ሌላም አለ፦ ጨው ያለው ጭስ አስተንፍሶ ማሳልና አክታውን ከጉሮሮ በቱቦ መሳብ። እሱም ቢሆን መሣሪያ፣ የሠለጠነ ሰውና ጥሩ አየር ያለው ክፍል ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ስለዚህ የሚሆነው አጭር ነው፤ «እናት፣ ልጁ አክታ ያወጣል?» «ኧረ አያወጣም ሲስተር።» አሞክሳሲሊን ይታዘዛል።

አሞክሳሲሊን በማዘዟ ነርሷን አልወቅስም፤ የሳንባ ምች ለሚመስል ነገር መመሪያው የሚላት እሱን ነው። ጥያቄው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ምን ትላለች የሚለው ነው።

እዚህ ጋ እናቶችን መውቀስ የሚወድ ወገን አለ። «እንጥሉን አስቆርጣ፣ ግግ አስወጥታ፣ ጠበል ለጠበል ዞራ ሲያቅታት ነው ያመጣችው» ይላል። እንጥል መቁረጥም ግግ ማስወጣትም ሕፃን ይጎዳሉ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ብዙዋ እናት አምጥታው ነበር። አንዴ ሽሮፕ፣ አንዴ አንቲባዮቲክ፣ አንዴ «ብርድ ነው» ተብላ ተመልሳለች። ጤና ጣቢያው መልስ ካላት የእንጥል ቆራጩን መልስ ባልፈለገች ነበር። ሰው ወደ ባህል ሐኪም የሚሄደው ሳይንስ ስለጠላ ብቻ አይደለም፤ የባህል ሐኪሙ ቢያንስ የበሽታውን ስም ስለሚነግረው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የተጎዱ ሕፃናት ክፍል ነው፤ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የገቡ ልጆች የሚተኙበት። ሁላችንም የምናውቀው ፕላምፒ ነት አለ፣ ወተቱ አለ፣ ሚዛኑ አለ። ልጁ ይበላል፣ ይመዘናል፣ አይጨምርም። እናቱ ፕላምፒ ነቱን ለታላላቆቹ ታበላለች ተብላ ትጠረጠራለች። ቲቢ ሕፃን ላይ ሲመጣ እኮ የግድ ደም እያስተፋ አይመጣም። ክብደት ይሰርቃል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል። ሲጫወት የነበረ ልጅ ቁጭ ይላል። ምግብ ማጣትም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ አንዱ በሌላው ጀርባ ይደበቃል፤ ደግሞም አንዱ ሌላውን ይጠራል። እነዚህ ልጆች ደካማ ናቸው፣ ቱቦ መክተት ያስፈራል። ሰገራ ግን ይወጣቸዋል፤ ዳይፐር ወይም ጨርቅ ላይ፣ እዚያው አልጋው ላይ፣ በየቀኑ። በዚህ አገር የሰገራ ምርመራ አንድ ቦታ ብቻ ይጀመር ቢባል እዚህ ክፍል ነው የምለው።

የሕፃናቱ መረሳት ከየት መጣ? ከክፋት አይደለም፣ ከሒሳብ ነው። በ1993 የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ አደጋ ብሎ አወጀ። ተከትሎ የመጣው ዶትስ የሚባለው ስልት ዓይኑን የጣለው አክታቸው ላይ በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ በሚታይባቸው በሽተኞች ላይ ነበር፤ 70 በመቶውን ማግኘት፣ ከተገኙት 85 በመቶውን ማዳን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በሽታውን በዋናነት የሚያሰራጩት እነሱ ናቸው። ሕፃን ግን ሳንባው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ነው፣ ሳሉም ደካማ ነው፣ ለሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ ትንሽ ነው። አዋቂውን ካዳንን ሕፃኑን እናድናለን፣ ይሄ ነበር ሐሳቡ። ገና ለሚወለደው ሕፃን እውነት ነው። አሁን ለታመመው ምንም አይጠቅመውም።

ልጅ ስለማያስተላልፍ ብቻ ወረፋው መጨረሻ ላይ ተደረገ ማለት ነው። አደገኛ ቢሆን ኖሮ ፈልገው ያገኙት ነበር።

ድርጅቱ ስለ ሕፃናት ቲቢ ለብሔራዊ ፕሮግራሞች ራሱን የቻለ መመሪያ ያወጣው በ2006 ነው። በዓመት ስንት ሕፃን ይታመማል የሚለውን ግምት በዓመታዊ ሪፖርቱ መጀመሪያ ያቀረበው ደግሞ በ2012፤ ያኔ 490 ሺህ ተባለ። ዛሬ የሚጠቀሰው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚህ መሀል የሕፃናት ሳንባ አልተለወጠም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለወጠው። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በየአገሩ መዝገብ ላይ አይገኙም፣ በየዓመቱ 200 ሺህ ገደማ ይሞታሉ። በ2017 የታተመ አንድ ስሌት ደግሞ በቲቢ ከሚሞቱት ሕፃናት 96 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና ያልጀመሩ ናቸው ይላል። ይህቺን ቁጥር ሁለቴ አንብቧት። መድኃኒት አልሠራላቸው ብሎ የሞቱ አይደሉም፤ መድኃኒቱ ጋ አልደረሱም። ሉሳካ ውስጥ በመተንፈሻ አካል በሽታ የሞቱ 264 ሕፃናት አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ2002 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ገደማ ቲቢ ተገኘበት።

መድኃኒቱ ደግሞ ከድሮው ተሻሽሏል፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። በፊት የአዋቂ ክኒን በማንኪያ እየደቆሱ፣ በግምት እየከፈሉ ነበር የሚሰጠው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው፣ በልጅ ክብደት የተመጠነ ክኒን አለ። በ2022 ደግሞ በሽታው ላልከፋባቸው ልጆች ስድስት ወሩ ወደ አራት ወር እንዲያጥር የዓለም ጤና ድርጅት መከረ። እዚህ አገር በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው። መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ሕፃኑን እየጠበቀ፣ ሕፃኑ በር ላይ አክታ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፣ ማድበስበስ አያስፈልገውም፦ የሰገራ ምርመራው ብዙ ያመልጠዋል። እውነት ነው። በካልቸር ቲቢ ከተረጋገጠባቸው አሥር ሕፃናት ስድስቱን ገደማ ነው የሚያገኘው። በሐኪም ግምት ብቻ ቲቢ አለባቸው የተባሉትን ከጨመርን ድርሻው በጣም ይወርዳል። አለ ካለ ግን አለ ነው፤ በሐሰት «አለ» የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። እና ስድስት ከአሥር ያንሳል? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ከሕፃን አክታ ላይ የሚደረገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ራሱ ብዙ አይበልጠውም። ጤና ጣቢያው ላይ ያለው ንጽጽር ደግሞ ከፍጹም ምርመራ ጋር አይደለም፣ ከባዶ ጋር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጎበዝ የሕፃናት ሐኪሞች ይመጣል፣ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። «ላቦራቶሪን ለምን እንጠብቃለን? ምልክቱ፣ ራጁ፣ ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው መኖሩ ይበቃል፤ ነጥብ ደምሮ ሕክምና መጀመር ነው» ይላሉ። የ2022 መመሪያም ራጅ ላለበትና ለሌለበት ቦታ እንዲህ ያለ የነጥብ አሰጣጥ አቅርቧል። ትክክል ናቸው፤ ሰገራው ምንም አላሳየም ብሎ ልጁን ወደ ቤት የሚመልስ ሐኪም ከበፊቱ የባሰ ጥፋት ያጠፋል። አክታ አምጣ የሚለው በር ተነሥቶ ካካ አምጣ በሚል በር ከተተካ ምን ለወጥን? ግን መሬት ላይ ያለውን እንይ። ብዙ ወጣት ጤና መኮንን ማስረጃ ሳይዝ ለአንድ ዓመት ሕፃን የወራት መድኃኒት መጀመር ያስፈራዋል፤ ኃላፊው ይጠይቀዋል፣ ሱፐርቪዥን ይመጣል። አንድ «አለ» የሚል ወረቀት ያንን ፍርሃት ይሰብረዋል። ነጥብ መደመር ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ሊነግረን አይችልም፤ ካርትሪጁ ይነግረናል። ድርጅቱም በ2024 ባወጣው ምክር አንዱን ከሌላው አላጣላም፦ ለሕፃናት ከመተንፈሻ አካል የተወሰደ ናሙናና ሰገራ ጎን ለጎን ይመርመሩ፣ ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ልጅ ደግሞ ሽንትም ይጨመር ነው ያለው።

«ተከትቧል እኮ፣ ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ» የሚለው ሦስተኛው ነው። ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ፣ በተለይ አንጎል ሽፋን ላይ ከሚመጣው፣ በደንብ ይከላከላል። የሳንባውን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ጠባሳ ማረጋገጫ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ካላወራን ግን ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። ጂን ኤክስፐርትን የሚያመርተው ሴፊድ ነው፣ የሴፊድ ባለቤት ደግሞ ዳናኸር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ። ለድሃ አገሮች አንዱ የቲቢ ካርትሪጅ ከአሥር ዓመት በላይ 9.98 ዶላር ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የማምረቻ ዋጋውን አስጠንቶ ከ5 ዶላር በታች ነው ብሎ በ2019 ዘመቻ ከፈተ፤ ቴክኖሎጂው ሲፈጠር ብዙ የሕዝብ ገንዘብ እንደገባበትም እየጠቀሰ። ዓመታት ዝም ተባለ። ከዚያ በ2023 ጆን ግሪን፣ አዎ፣ የ«ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ» ደራሲ፣ ከተከታዮቹ ጋር ኢንተርኔት ላይ ኩባንያውን ሲወተውት ሰነበተ፤ መስከረም ላይ ዋጋው ወደ 7.97 ወረደ። አሁንም 5 አልደረሰም። ግን ልብ በሉ፦ ልብ ወለድ ያነበቡ ልጆች ከስልካቸው ሆነው ሲጮኹ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ዋጋ ሲነቃነቅ አየን። እኛ ቲቢ በብዛት ካለባቸው አገሮች ተርታ የምንኖር፣ በዚያ ጩኸት ውስጥ የት ነበርን? አማርኛ ሃሽታግ እንደሆነ አናጣም።

ካርትሪጅ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀረው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ኃላፊው ለቀሩት ጥቂት ካርትሪጆች ውጤት የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለውን ናሙና ይመርጣል፤ የአዋቂ አክታ። አሁንም ያው ሒሳብ። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያው ዓመት ዩኤስኤይድም ሲዘጋ፣ ለቲቢ ከማንም በላይ ገንዘብ ይሰጥ የነበረ አገር ነው እጁን የሰበሰበው። ለካርትሪጅ፣ ለናሙና ማመላለሻ፣ ለሥልጠና የሚሆነው ብር ሲሳሳ «ለጊዜው አዋቂዎቹ ላይ እናተኩር» የሚል ድምፅ ይመጣል። ምክንያታዊ መስሎ ነው የሚመጣው። ያኔ በ1990ዎቹም ምክንያታዊ ነበር።

ዘዴው እዚህ አገር ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል፤ ስለዚህ «የሚቻል አይደለም» የሚል መልስ አይሰማም። ማሽኑ በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ናሙና የሚላክበት መንገድ አለ፤ በኢትዮጵያ ፖስታ ቤት በኩል የአክታ ናሙና ሲጓጓዝ ቆይቷል እኮ። አክታ የያዘ ሳጥን ሰገራ ለመያዝ ምን ይከብደዋል? የጎደለው ማዘዝ ነው። ሐኪሙ ካላዘዘ ላቦራቶሪው አይሠራም፣ ላቦራቶሪው ካልለመደ ሐኪሙ አያዝም፤ በዚህ መሀል ሰገራው ለአሜባ ብቻ ይታያል።

ስለዚህ እናንተ ታዛላችሁ። ቤታችሁ፣ ግቢያችሁ፣ ዘመድ ቤት ቲቢ የተገኘበት አዋቂ ካለ፣ አብረውት ያሉትን ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ሁኑ፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን። ያልታመሙት የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የቆመ ክብደት፣ ጨዋታ የተወ ልጅ ካለ ደግሞ ካርድ ክፍል ጀምራችሁ «ቲቢ ይታይልን» በሉ። ሲስተሯ አክታ ያወጣል ወይ ስትላችሁ «አያወጣም፣ ሰገራውን በጂን ኤክስፐርት እዩልን» ማለት ነው። ማሽኑ የለንም ካለች የት እንደሚላክ ጠይቋት። አናውቀውም ካሉ ኃላፊውን አስጠሩ፤ ቅር ቢለው ይለፈው። ልጁ እዚያው አልወጣው ካለም አትጨነቁ፣ ዕቃውን ተቀብላችሁ ሂዱ። ነገ ጠዋት ይወጣዋል፤ አተር የምታክል ትበቃለች።